በቦይ ያፈሰስኩት

ጥር 6
ብዕሩን የያዘችው ልጄ ሙሀባ ናት። ቃሉ የእኔ የአብዱረሂም ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትም። ሽንኩርት ግን ከሸዋ ሮቢት እስከ ማጀቴ ማን እንደኔ ያውቃል?

ዛሬ የውሃ ተራዬ ነበር። ሌላው ገበሬ ሻጋታ የሚገድለውን ኬሚካል ቅጠል ላይ ይረጫል። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቦዩ አፍ ላይ አፈስሰዋለሁ፤ ውሃው ራሱ ሥሩ ድረስ ይወስድልኛል። ጀርባዬም ፓምፕ አይሸከምም። ከእኔ በታች ያለውን ማሳ የምታርሰው ፈለቀች፣ “ጋሼ፣ ለእኔም ደረሰኝ፣ ያውም በነጻ!” ብላ ስትስቅ ዋለች። ይድረሳት።

ጥር 9
ቦይ ስጠርግ የግራር እሾህ ግራ ዓይኔን ጫረኝ። በዚያው በቦዩ ውሃ ታጠብኩት። ምንም አይደል።

ጥር 15
ቀላ። ሙሀባ ሐኪም ቤት ትላለች። ለእሾህ?...

ጥር 22
ነጭ ነጥብ ወጣበት። መስጊድ ሰግደን ለመጨረስ ፊታችንን አዙረን ስናሰላምት በግራዬ ማን እንደተቀመጠ አልለየሁም። ከሙሀባ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

የካቲት 2
ሙሀባ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ የሙሀባ እኩያ ናት። ከዓይኔ ፍቃ ወሰደች። “የአፈር ሻጋታ ነው፣ አባባ።” ጠብታ አዘዘች።

የካቲት 12
በየሰዓቱ ይንጠባጠብልኛል። ነጩ ሰፋ እንጂ አልጠበበም። መቀመጥ አቃተኝ። ማሳ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ... ሽንኩርቱም ሻገተ። ዘንድሮ እጥፍ አፍስሼ! ምን ነካው?

የካቲት 16
እንደገና ሐኪሟ ጋ። “እርሻ ላይ ምን ይጠቀማሉ?” ሙሀባ ለካ የኬሚካሉን ጠርሙስ በቦርሳዋ ይዛ ኖሯል። ሐኪሟ ጽሑፉን አነበበችው።

“ይሄና ጠብታው አንድ ዘር ናቸው። ሻጋታው አፈርዎ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እየቀመሰ ለምዶታል። ደካማው ሞተ፣ ብርቱው ተረፈ። ከዓይንዎ የወሰድኩት ምርመራም ጠብታው እንደማይገድለው ያሳያል።”

“እኔ ትንሽ አላፈስም!”

“ቦዩ መጨረሻ ላይስ ምን ያህል ይደርሳል?”

ጭላጩ ብቻ ነው የሚደርሰው። ይህን ያላሰብኩት ማን ነው? እኔ! ሌላ ጠብታ ሰጠችኝ። “ዓይኑን ግን ቃል አልገባልዎትም” አለች።

የካቲት 17
ማሳ አልሄድኩም።

መጋቢት 4
ግራ ዓይኔ ጠፋ። ሕመሙ ለቀቀኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ዛሬ የውሃ ተራ ሲደለደል ሰው ሁሉ ቦይ ዳር ነበር። ፈለቀች የኬሚካሉን ጠርሙስ ገዝታ መጥታለች። “እኔም እንደ ጋሼ ላፈስ ነው” ትላለች። ወገቤን ይዤ ተነሳሁ። “እኔ ያሳየኋችሁ ስህተት ነው። ኬሚካሉ በቦይ እየሳሳ ሲፈስ ሻጋታው ለመደው። ያላመነ ይመልከት” ብዬ የዓይኔን መሸፈኛ አነሳሁ።

ማንም አልሳቀም። ፈለቀች ጠርሙሱን መሬት አስቀመጠችው።

“እና አሥራ ሁለት ዓመት ወደ እኔ የወረደውስ፣ ጋሼ?”

“የእኔ ጥፋት ነው። ማሳሽ ውስጥ አለ። ስትቧጨሪ በዚህ ውሃ አትታጠቢ።”

ሌላ ምን ልበላት?

በይ ሙሀባ፣ አንብቢልኝ። ሰው ፊት ያልኩትን አለስልሰሽው ከሆነ ሰርዢና እንደወጣ ጻፊው።