ከብሎኑ ሥር የነበረው ቀለም

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፦

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? እዚያም ብርዱ ገብቶ ይሆናል፤ ወፍራሙን ሹራብህን ትተኸው ስለሄድክ ምን እየለበስክ እንደሆነ አስባለሁ። እኛን ከጠየቅኸን፣ አባባ ጉልበቴን ይላል እንጂ ይበላል፣ ይራመዳል። እኔም አለሁ። አለሁ ስልህ እንግዲህ ደክሞኛል ማለቴ ነው። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ ዛሬ ብዕር ማንሳቴ ያስደነግጥህ ይሆናል። አይዞህ፣ ክፉ ነገር አልደረሰም። የምጽፍልህ ስለ አሮጊቷ የጭነት መኪናችን ነው።

አሮጊቷ ዘንድሮም ብርድ ሲገባ ጀመራት። ጧት ቁልፍ ሳዞርላት ሞተሩ አንዴ ይዞራል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይዞራል፤ ልክ ከአልጋው ላለመነሳት እንደሚለግም ሰው። ከዱቄት ፋብሪካው ጭነት የምናነሳው በማለዳ ስለሆነ ወረፋዬ ሁለቴ አለፈኝ። ተቆጣጣሪው ለሦስተኛ ጊዜ ካረፈድክ ሌላ መኪና እፈልጋለሁ ብሎኛል። ያ ሰው ደግሞ ሲዝት ፈገግ ስለሚል የበለጠ ያስፈራኛል።

እንደ ልማዴ ሁሉን ነካካሁ። ዘይቱ ወፍሮባት ይሆናል ብዬ በቀጭን ዘይት ቀየርኩ። የናፍታ ፊልትሮዋን ለወጥኩ። አየር ትስብ ይሆናል ብዬ የቱቦዎቹን ማሰሪያ አንድ በአንድ አጠበቅኩ። የማሞቂያ ካንዴላዎቹን ፈትቼ ሞከርኳቸው፤ አራቱም እንደ ፍም ቀሉ። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖም አውርጄ አየሁት፣ ደህና ነበር። ጣቴ ደንዝዞ ብሎን አልይዝ ሲለኝ በጥርሴ የያዝኩበት ጧት ነበር። ብታየኝ እስከ ዛሬ ትስቅብኝ ነበር።

ባትሪውን ግን አልጠረጠርኩም። አዲስ ነዋ! እማዬ ከሞተች በኋላ፣ አንተ የካቢናውን መብራት ረስተህ ገደልከው ብዬ አሮጌውን አውጥቼ ጥዬ፣ በምትኩ ያስገባሁት ነው።

ታዲያ አንድ ጧት ቁልፉን ሳዞር ድምፁን ሰማሁት። ያንኑ ድምፅ። እማዬ ትንፋሽ አጥሯት፣ አንተ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ደረትህ ላይ አስደግፈሃት፣ እኔ ቁልፍ ሳዞር ሦስታችንም የሰማነውን። የጎረቤት መኪና ለምነን እስክናገኝ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳዞርኩት ታስታውሳለህ። እንግዲህ በአዲስ ባትሪም ያንኑ ድምፅ ካወጣች፣ ያን ጊዜስ ባትሪው ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ሦስት ቀን ሙሉ ስሸሸው ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ወደ ጆሮው ጋራዥ ነዳኋት።

ጆሮውን መቼም አትረሳውም፤ ሞተር በማዳመጥ ብቻ በሽታ የሚያውቀው መካኒክ። አሁን ሸብቷል፣ ቀልዱ ግን አልሸበተም። አሮጊቷን አይቶ አንተንና እሷን አንድ ላይ መጦር አልቻልኩም አለኝ። ከዚያ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ቁልፍ አዙር አለና እሱ ከታች ሆኖ ወፍራሞቹን ሽቦዎች በእጁ እየያዘ ቆየ። ከባትሪው ወደ ሻሲው፣ ወደ መኪናዋ የብረት አጥንት፣ የሚሄደው ላይ ሲደርስ ይቺ ሞቃለች አለ። ኤሌክትሪኩ መንገድ ሲጠበው ነው የሚሞቀው፣ ሽቦው የታሰረበት ቦታ አያሳልፍለትም ማለት ነው አለኝ። ሙቀት ሲሆን ሞተሩ ቀላል ነው፣ በትንሹም ይነሳል፤ ሲበርድ ግን ስለሚከብድ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፣ ያን ጊዜ ጉዱ ይወጣል ብሎ አስረዳኝ።

ብሎኑን ፈታው። ከሥሩ ቀለም ነበር። አረንጓዴ ቀለም፣ ያልተፋቀ፣ የሽቦው ጫፍ እንዳረፈበት ክብ ሠርቶ።

እማዬ ከመታመሟ ከጥቂት ሳምንት በፊት ሻሲውን ቀለም ስቀባ ቆርቆሮውን ይዘህልኝ ነበር። ሽቦውን መልሼ ሳስር ቀለሙን መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ አድርገው እንጂ፣ እንዲህማ አያሳልፍም አልከኝ። እኔም ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ብዬ ሳቅኩብህ። ብሎኑን ያጠበቅኩት በዚህ በምጽፍልህ እጄ ነው።

አሁን የምነግርህ ከዚህ ይብሳል። ጆሮው ቀና ብሎ ይሄ የማን እጅ ነው ሲለኝ የወንድሜ ነው አልኩት። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይባላል፤ የኔ ግን አምልጦኝ አይደለም፤ ምላሴ አንተን መክሰስ ለምዶ ነው። ጆሮው ራሱን ነቀነቀና ያ ልጅ እንኳ ጠንቃቃ ይመስለኝ ነበር አለ። ቀለሙን ፋቆ፣ ብሎኑን መልሶ ለማጥበቅ አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም። ቁልፉን ገና ከመንካቴ ተነሳች። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ጆሮው ደስታ መስሎት ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ተሳስተሃል ማለት አቃተኝ።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ያልኩህን አልረሳሁትም። ሐኪሟ ትንሽ ቀደም ብላችሁ አምጥታችኋት ቢሆን ኖሮ ስትል፣ ዞሬ አንተ ነህ የገደልካት አልኩህ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ሲመሽ የካቢናው መብራት በርቶ አይቻለሁ ብላ ስለነበር፣ ሌላ ማስረጃ አልፈለግኩም። አንተም አልተከራከርከኝም፤ ረስቼው ይሆናል ብለህ መሬት መሬት አየህ። በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ፤ እኔም ከመኝታ ቤት አልወጣሁም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ነው።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ለአባባ ሁሉንም ነገርኩት። ይረግመኛል ብዬ ቆሜ ስጠብቅ እሱ ጫማውን እየቦረሸ ነበር፤ ብሩሹንም አላስቀመጠም። መብራቱ እንዳልሆነማ አውቅ ነበር አለኝ። ያን ቀን ሲመሽ በመስኮት አይቶት፣ እኛ እጃችንን ለራት ስንታጠብ በነጠላ ጫማ ወጥቶ ራሱ አጥፍቶታል። ቢበዛ ሩብ ሰዓት ቢበራ ነው፣ በሩብ ሰዓት ባትሪ አይሞትም አለ።

ታዲያ ለምን ዝም አልክ ብዬ ጮህኩበት። በአባቴ ላይ ስጮህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያን ሰሞን አፌ ለምንም አልከፈት ብሎኝ ነበር አለ፤ ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ሲል ሄድክበት። ከሄድክ በኋላ ደግሞ ይህን ብናገር የቀረው ልጄም ባደረገው አፍሮ ይሄድብኛል ብሎ ፈራ። የራቀውን በድዬ አጠገቤ ያለውን ያዝኩ አለኝ። ጫማው ጠርቶ ሲያበቃም እየቦረሸው ነበር።

ከዚያ የኔን አትጻፍበት ብሎ ለመነኝ። ያንተ ይበቃዋል፣ እኔን እንደ ድሮው ያስበኝ አለ። እሺ አልኩት። እሺ ብዬም ይኸው ጻፍኩት፤ ጫኞቹ ጆንያ አራግፈው እስኪጨርሱ ካቢና ውስጥ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፌ። ቢቀየመኝም ይቀየመኝ። የኔ ይቅርታ ልመና የሚቆይ ነገር ነው፤ አንተ እናትህን እንዳልገደልክ ግን ከሁለት ምስክር ማወቅ አለብህ። ለጆሮውም ዛሬ ጧት ተመልሼ የኔ እጅ ነው ብዬዋለሁ። አየኝና ወደ ሥራው ዞረ።

ና አልልህም። ና የምልበት አፍ የለኝም። አባባ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ከኔ ቀድሞ ይነሳል፣ በዚያ ጉልበቱ። ለኔ ባትጽፍ ለሱ ጻፍለት፣ ብትቆጣም ተቆጣው። ዝምታው ነው የጨረሰን።

እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክልህ፤ የሄድክበት ይቅናህ፤ የእማዬ ጸሎት አይለይህ፤ ክፉ አይንካህ።

አንድ ነገር ልጨምር። አሁን የምትሠራበት መጋዘን ውስጥ ካንተ ጋር የሠራ ሰው ባለፈው ሳምንት ፋብሪካው በር ላይ አግኝቶኝ ነበር። ደህና ነው፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነው አለኝ። አንድ አመል ብቻ አለችው፣ ማታ ከወጣን በኋላ መብራቱን አጥፍቼው ይሆን እያለ ከመንገድ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ሁለቴ ሦስቴ፣ እኛም እንስቅበታለን አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ወንድሜ፣ ከእንግዲህ አንዴ አጥፋውና ወደ ቤትህ ግባ።

ታላቅ ወንድምህ