ወጨጫ ወይስ የሱሉልታው ቁልቁለት

ለውድ እህቴ ለተስፋነሽ፤

እንዴት ከርመሻል? ሳሉ ለቀቀሽ? የእማዬ ጉልበትስ? የሆሳዕና ብርድ ዘንድሮ እንዴት ያዛችሁ? እኔ ክርኔ ከመላጡ በቀር ጌታ ይመስገን ደኅና ነኝ።

አትደንግጪ፤ ፋብሪካ ውስጥ አይደለም። በስልክ «ሰው እንጨት ሳይለቅም ተራራ ምን ሊያደርግ ይወጣል?» ብለሽ የሳቅሽብኝ ጉዳይ ያመጣው ነው። መልሱን አሁንም አላውቀውም። ሳምንቱን ከክር ማሽኑ ፊት እቆማለሁ፤ እሑድ የመዘምራን ነው። የእኔ ቅዳሜ ብቻ ናት። እሷን ደግሞ ሁለት ቡድን ይፈልጋታል።

አንዱ ኪሩ የሚባል ልጅ የሚመራው የብስክሌት ቡድን ነው። ሱሉልታ ድረስ እሄዳለሁ፤ ብስክሌት ያውሰኛል። «ይሄን ጉልበት ይዘሽ? ውድድር እናስገባሻለን!» ይለኛል።

ሌላው ከዚሁ ከሰበታ ተነሥቶ የወጨጫን ተራራ በእግር የሚወጣው ነው። እዚያ ውድድር የለም። ደንባቸው፣ ደካማው ፊት ይሄዳል፤ የሚታመነው መጨረሻ። መጨረሻ ያለው ማንንም አይቀድምም፤ ሰው ሲቀመጥ አብሮ ይቀመጣል። ባለፈው ወር መሪያችን ኦቦ ከድሩ «ከዛሬ ጀምሮ ኋላ አንቺ ነሽ» አሉኝ። በዚህ ከተማ በአራት ዓመት ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ወጨጫን መረጥኩ። ግን ከነከነኝ። ብስክሌቱን የምተወው ተራራውን ወድጄ ነው፣ ወይስ ቁልቁለቱን ፈርቼ? ሱሉልታ አንድ ገደላማ መንገድ አለ። ሁሌ አናቱ ላይ ስደርስ ከብስክሌቱ እወርድና በእጄ እየገፋሁት እሄዳለሁ። ኪሩም «ፍየልሽን ገበያ እየወሰድሽ ነው?» ይለኛል።

ትናንት ሄድኩ። አናቱ ላይ ቆምኩ። ጸለይኩ፤ ፍሬኑን ለቀቅሁት። ድንጋይ። ንፋስ። እንባ። ግማሹ ላይ ወደቅሁ። ተነሣሁና እስከ ታች ነዳሁት።

ኪሩ ጭንቅላቱን ይዞ «አሁን ገና ጀመርሽ!» አለ።

«አይ ኪሩ፣ አሁን ጨረስኩ» ብዬ ብስክሌቱን አስረከብኩት። አብዳለች ሳይል አልቀረም። እኔ ግን በሚኒባሱ ስመለስ፣ ክርኔ እየደማ፣ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። ተስፋነሽ፣ እስከ ዛሬ የተውኩት ሁሉ ያቃተኝን ነበር። የምችለውን ስተው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ዳና መልካም ባል ነውና በእኔ ስም አክብረሽ ሰላም በይው። ኤልቃናንና ኢየሩስን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። እማዬን እቀፊያት፤ መውደቄን ግን እንዳትነግሪያት።

ታናሽሽ ሩታ
ሰበታ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.