ያለ እኔ ፈቃድ ዝም ያለው ሬዲዮ

ጃንዋሪ 11፣ ቅዳሜ

የአተር ሾርባ ሠራሁ። ጨው በዛበት። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱን መብላት የመንደሩ ደንብ ስለሆነ ነው እንጂ ማን እንደሚበላልኝ እንጃ...

የሬዲዮ ጣቢያዬ ይቀዘቅዛል። ማሞቂያው እየተንኳኳ ነው። የዛሬ ማታ የቢንጎ ካርዶች ሁሉም ተወስደዋል፣ መንደሩ በሙሉ ቁጥር ስጠራለት ካርዱ ላይ ሊያጠፋ ሬዲዮው ሥር ሊቀመጥ ነው። ኮምፒውተሩ ዛሬም "ልታደስ" እያለ ይነዘንዘኛል። "በኋላ" የሚለውን ተጫንኩ። ሳምንቱን ሙሉ "በኋላ" ስለው ነው የከረምኩት።

ነፋሱ ከደቡብ ነው። ጀልባዎቹ ሁሉ ገብተዋል።

ጃንዋሪ 12፣ እሁድ

ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ከንዴት ነው።

ትናንት ማታ ቢንጎው ሞቅ ብሎ ሳለ... ቁጥሮቹን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ነው። ሙዚቃውንም የሚያጫውተው፣ ድምፄንም ወደ ማሰራጫው የሚያሳልፈው እሱ። "ኦ፣ ስልሳ ሁለት" ብዬ ፊደሉንና ቁጥሩን ጠርቼ ሳልጨርስ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። "ኮምፒውተርዎን እያደስን ነው። እባክዎ አያጥፉት።" እባክዎ! ማን ጠየቃችሁ?

ሬዲዮው ዝም አለ።

እዚህ መንደር ሬዲዮ ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ የኮምፒውተሩን ሲስተም የሠራው ኩባንያ የት ያውቃል? ጀልባ ጠፋ ማለት ነው። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ባሕር ላይ የቀረ ሰው ሲኖር ጣቢያው ይዘጋል። ሰዉም ስልክ እንዳያጨናንቅ፣ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ መብራቱን ይዞ ወደ ወደቡ ይወርዳል። ጀልባ ያለው ሞተሩን ያስነሳል። የጠፋው ሰው ስም የሚነገረው እዚያ ነው።

በመስኮት አየኋቸው። መብራት በመብራት ሆነው ቁልቁለቱን ሲወርዱ... በሩን በርግጄ "ማሽኑ ነው! ማሽኑ ነው!" እያልኩ ጮህኩ። ማን ይስማኝ በዚያ ነፋስ?

እትዬ ኤፊ በነጠላ ጫማ ወጥተው በረዶው ላይ ወደቁ። በዚያ ዕድሜያቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ልጄ ጋርፊልድ ነው የጠፋው ብለው... ጋርፊልድ እኮ ቤቱ ገላውን እየታጠበ ነበር! ሳሙናው ከጆሮው ሳይወርድ ነው ሮጦ እናቱን ከመሬት ያነሳቸው።

ተመልሼ ስገባ ኮምፒውተሩ ተነስቷል። "እንኳን ደህና መጡ" ይለኛል። ልፈነክተው ምንም አልቀረኝም።

ጃንዋሪ 13፣ ሰኞ

ኩባንያው ጋ ደወልኩ። ሙዚቃ፣ ሙዚቃ፣ ሙዚቃ... በመጨረሻ አንዱ አነሳ። ትሁት ነው። ይበልጥ ያናደደኝ ትሕትናው ነው።

"ለደህንነትዎ ሲባል ነው፣ እመቤት።"

"የእኔን ተወው። ዳሌያቸው የተሰበረው ሴትዮ ደህንነትስ?"

"እሱን በተመለከተ መረጃ የለኝም።"

"ካልፈቀድኩለት እንዳይነካብኝ ማድረግ አይቻልም?"

"ለጥቂት ቀን ማዘግየት ይቻላል። ደግሞም የእርስዎ ኮምፒውተር ለሚመጣው አዲስ ሲስተም አይመጥንም። ሌላ ቢገዙ ይሻላል።"

ምን ሆኖ ነው የማይመጥነው? ይሠራል እኮ! አንድ ቀን ታሞብኝ አያውቅም፣ እነሱ እየነካኩት ነው እንጂ።

ኢንተርኔቱን ነቀልኩበት። አሁን ደግሞ የቢንጎው ፕሮግራም "መጀመሪያ በኢንተርኔት ይግቡ" ብሎ አልከፈት አለ። በገዛ ዕቃዬ ላይ ማን ነሽ ይለኛል። መልሼ ሰካሁት። ምን አባቴ ላድርግ?

ጃንዋሪ 19፣ እሁድ

ዛሬም ማሽኑ ልታደስ ብሎ ሬዲዮውን ዝም አሰኘው። መዝሙሩ መሀል።

መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ጠበቅኩ። ይውጡና ይስደቡኝ ብዬ... ማንም አልወጣም። አንድም መብራት የለም።

ጃንዋሪ 20፣ ሰኞ

ሄድሊ ሱቅ ሻይ ልገዛ ገባሁ። የጣቢያው ኮሚቴ ሊቀ መንበርም እሱ ነው፣ ባለ ሱቁም እሱ ነው፣ ሁሉም እሱ ነው።

"ትናንት ዝም ሲል ማሽኑ ነው ብለን ሻያችንን ጠጣን" አለና ሳቀ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

"የእውነት ቢሆንስ ኖሮ፣ ሄድሊ?"

"አይ ቬርና... ጣቢያውን ዘግተን ከከተማ የሚመጣውን ስርጭት እንስማ ብያለሁ እኮ። የእነሱ አይቋረጥም።"

"እነሱ ጋርፊልድን ያውቁታል? ጀልባው ስትዘገይ ያውቃሉ?"

የብስኩት ካርቶን መደርደሩን ቀጠለ።

ስወጣ ንዴቴ በረደና ፈራሁ። የሚቀጥለው ዝምታ የእውነት ቢሆንስ? ማን ይወጣል? ባሕር ላይ ያለው ሰው መብራት ሲጠብቅ እኛ ሻይ እየጠጣን...

ጃንዋሪ 22፣ ረቡዕ

እትዬ ኤፊን ልጠይቅ ክሊኒክ ሄድኩ። አኩርፈውኛል ብዬ ነበር። "አንቺ ምን አደረግሽ፣ ያ ጉድ ነው እንጂ" አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፦ "ለመሆኑ ቢንጎውስ? አንድ ቁጥር ነበር እኮ የቀረኝ!" ለካ አኩርፈዋል፣ በሌላ ነው።

ምራታቸው ግሌንዳ እዚያው ነርስ ናት። ስንገበገብ ሰማችኝ።

"ለምን አትቀይሪውም?"

"አዲስ ኮምፒውተር ከየት አባቴ አመጣለሁ?"

"ኮምፒውተሩን ማን አለሽ? ሲስተሙን። ሊኑክስ የሚባል አለ። ከተማሪነቴ ጀምሮ እሱን ነው የምጠቀመው። ነፃ ነው።"

"ነፃ? የተሰረቀ ነው?"

"ኧረ በስመ አብ! ሰዎች ከየአገሩ ተሰባስበው የሠሩት ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ የፈለገ ያየዋል፣ የፈለገ ያስተካክለዋል፣ ገልብጦ ለጎረቤቱ ቢሰጥ ከልካይ የለውም። ሳትፈቅጂለት አይታደስም።"

"ሳልፈቅድለት?"

"ሳትፈቅጂለት።"

ደጋግማ እንድትነግረኝ አደረግኳት። እትዬ ኤፊ ከአልጋቸው ላይ ሆነው፦ "እንግዲህ እንደ ሟቹ ባሌ አይደለም በይኛ!" አሉ። ከሳቁ በኋላ ዳሌያቸውን አመማቸው፣ እኔም እንደገና ተናደድኩ።

ጃንዋሪ 25፣ ቅዳሜ

ዛሬ ቢንጎ የለም ብዬ አስታወቅኩ። ስድቡን ጠገብኩ።

ግሌንዳ ሲስተሙን በፍላሽ ይዛ መጣች። መጀመሪያ የድሮ ቅጂዎቻችንን ሁሉ ሌላ ቦታ ገለበጥን። ከዚያ ያንን ነዝናዛ ጠርገን አወጣነው። ደስ አለኝ፣ ምን ያስዋሸኛል።

አዲሱ ገባ። ማን ነሽ ሳይል። "አይመጥንም" የተባለው ኮምፒውተር ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ተነሳ፣ ከበፊቱም ፈጠነ። የኩባንያው ሰውዬ ሌላ ግዢ ያለኝ ለምን ነበር ታዲያ? ደህና ዕቃ ገደል ውስጥ ልወረውርላቸው?

ግን... የቢንጎው ፕሮግራም አልሠራም አለ። ለዚያኛው ሲስተም ብቻ የተሠራ ነው። ማይክሮፎኑም ድምፅ የለውም። ግሌንዳ ላይ ጮህኩባት።

"ነፃ ነው፣ ነፃ ነው ስትይ፣ ይኸው!"

"እኔ ነኝ የሠራሁት? የማታውቂውን ጠይቂ! የሚጠየቅ ሰው አለ!"

በሩን ድርግም አድርጋ ሄደች። እሷ ምን አደረገች? የማንን ንዴት ነው እሷ ላይ ያወረድኩት...

ጃንዋሪ 26፣ እሁድ

የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ኢንተርኔት ላይ የሚጠያየቁበት ገጽ አለ። እዚያ ጻፍኩ። ከነንዴቴ፣ ከነስድቡ። ማን ይመልስልኛል ብዬ።

ሰው መለሰ! ብራዚል ነው ያለሁት አለ። ማይክሮፎኑን የሚያስነሳ አንድ መስመር ትእዛዝ ላከልኝ፣ ጻፍኩት፣ ሠራ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኗ አዳራሽ ያዘጋጀችውን የቢንጎ ፕሮግራም እንዳለ ላከችልኝ። "እንደሚመችሽ አድርገሽ ለውጪው" አለችኝ።

ለምን? ብዬ ጠየቅኳት። አታውቀኝም፣ አላውቃትም።

"እኔም ስጠይቅ ሰው መልሶልኛል" አለች።

ድሮ ሰዉ ከደሴቱ ወደዚህ ሲዛወር የአያቴን የእንጨት ቤት መንደሩ ነው በገመድ ጎትቶ፣ በውሃ ላይ አንሳፍፎ ያሻገረው። እንዳለ፣ ከነመስኮቱ። ገመድ የያዘውን ሁሉ ማን ከፈለው? ያኔ ማንንም አልገረመውም። ማሽን ሲሆን ለምን እኔን ይገርመኛል?

ለግሌንዳ የአተር ሾርባ ይዤላት ሄድኩ። "ጨው በዝቶበታል" አለች። ታረቅን።

ፌብሩዋሪ 1፣ ቅዳሜ

ቢንጎ! ያንን ማታ ካቆምንበት ቀጠልን። እትዬ ኤፊ ካርዳቸውን ትራስ ሥር ደብቀው ኖሯል፣ ከክሊኒክ ሆነው ተጫወቱ። አላሸነፉም። ደውለው ሰደቡኝ።

ጨዋታው ሲያልቅ እንዲህ አልኩ፦ "ከዛሬ ጀምሮ ይህ ሬዲዮ ዝም ካለ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ማሽን አይደለም። ሻያችሁን አስቀምጡና ውጡ።"

ወዲያው ሄድሊ ደወለ።

"በነፃ በተገኘ ነገር ላይ ነው የሰው ሕይወት የምትጥይው?"

"በተከፈለበት ላይ ጥዬ አይተኸኛል! ምን እንዳመጣ እትዬ ኤፊን ጠይቃቸው።"

"ሰዉ ከእንግዲህ አያምንሽም ቬርና። እኔ ራሴ አላምንሽም።"

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ግን ልክ ነው፣ ያቃጠለኝም እሱ ነው። ሲስተሙን ቀየርኩ። ሰዉንስ በምን ልመልሰው?

ፌብሩዋሪ 9፣ እሁድ

አዲስ ማደሻ መጥቷል አለ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ፣ በትንሹ። ስርጭት ሳይጀመር አደረግኩት። አለቀ። የምሰድበው አጥቼ ዋልኩ።

ፌብሩዋሪ 20፣ ሐሙስ

ዛሬ ሬዲዮው ዝም አለ።

አመሻሹ ላይ ግሌንዳ ደወለች። ጋርፊልድ አልገባም። በጀልባው መገናኛ ሬዲዮም አይመልስም። ድምፅዋ ተረጋግቶ ነበር፣ የነርስ ድምፅ... ከዚያ "ቬርና፣ በናትሽ" አለችኝ።

ዘፈን እየተጫወተ ነበር። በገዛ እጄ አቆምኩት። ስክሪኑ ጠየቀኝ፦ "ስርጭቱ ይቋረጥ?" አዎ። ይቋረጥ።

ከዚያ ያ ዝምታ። ምንኛ ይከብዳል! መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ። ጨለማ። ምንም የለም። ኑ እንጂ፣ እናንተ ድንጋዮች፣ ኑ! ብዬ ጮህኩ፣ ለብቻዬ፣ መስታወቱን እየደበደብኩ። ያንን ኩባንያ ረገምኩት። ሁለት ጊዜ ዋሽቶ የመንደሩን ጆሮ ወስዶብኛል...

አንድ መብራት ወጣ። ከሱቁ በኩል። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ሌላ። ከዚያ ቁልቁለቱ በሙሉ።

የጋርፊልድ ሞተር ጠፍቶ ነፋሱ ወደ አለቶቹ እየገፋው ነበር። የመገናኛው ባትሪም አልቋል። ከአለቱ ሊጋጭ ትንሽ ሲቀረው ደረሱበት። ገመድ የወረወረለት ሄድሊ ነው። ጋርፊልድ በብርድ እጁ እንጨት ሆኗል፣ ሚስቱን ማቀፍ እንኳ አቅቶት ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ጣለ። እኔም መብራቶቹን ተከትዬ ወደቡ ወርጄ ነበር፣ እዚያው ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሄድሊ እስከ ወገቡ ርሷል። መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ሻይ ቀድቼ ቁጭ እንዳልኩ ዝም አለ" አለኝ።

"እና? ማሽኑ ነው አላልክም?"

"አንቺ ነሽ አልኩ።"

 

ጣቢያው ተመለስኩ። ስሙን፣ መትረፉን ተናገርኩ፣ ዘፈኑን ካቆምኩበት ለቀቅኩት። ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽዬ ጽሑፍ ትጠብቀኛለች። አዲስ ማደሻ መጥቷል፣ መቼ ይመችሻል?

ቆይ አልኩት። ቆየ።