ትራክተሩ የሚዞራት መሬት

ይድረስ ከደምቢያ ደጋ እስከ መተማ ቆላ ተከትለሽኝ ለወረድሽው፣ ለአልጣሽ፣ ለቤቴ ሰው።

እንዴት ነሽ አልልሽም። አንቺ ግን ካለሽበት ሆነሽ እንዴት ከረሙ እንደምትይኝ አውቃለሁ። ደህና ከርሜአለሁ። ጉልበቴ ዳገት ላይ ያንገራግራል እንጂ ሌላው እንዳለ ነው። ከተለየሽኝ ሁለት ጊዜ ሰሊጥ አጨድን፤ ሦስተኛው አሁን አበባ ይዞ ወገቤ ድረስ ደርሷል።

ይህን የምትጽፍልኝ መምህርት አበባ ናት፣ አንቺን በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ፊደል ያስቆጠረችሽ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እንዳታሳምሪው፣ እንዳፌ አድርጊው ብያታለሁ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ለምን እንደምጽፍ ታውቃለች። ሁለታችሁ ከኔ ተደብቃችሁ የሠራችሁትን ደርሼበታለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ጣራው ቆርቆሮ ሆኗል። ዝናብ ሲመታው ጆሮ ያደነቁራል፤ ብትኖሪ ሣሩ ይሻል ነበር ትይ ነበር፣ እውነትሽን ነው። ሳንጃ የተዳረችው ልጃችን ሴት ወልዳ ስምሽን አወጣችላት። ካለቀሰች አትመለስም፣ ያሰበችውን ሳታገኝ አትተኛም ብለው ነገሩኝ። ከስሙ ነው አልኳቸው። ነጯ ፍየልሽ አርጅታለች፤ አላረድኳትም። ራርቼ እንዳይመስልሽ፣ ሥጋዋ ጠንክሮ ነው።

ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ያለችውን መሬትም አልነካኋትም። ዘንድሮ ትራክተሩን የነዳው ሰውዬ አዲስ ነበርና ቀጥ ብሎ ሊያልፍባት ሲል ፊቱ ሄጄ ቆምኩ። እሱም ወርዶ፣ አባባ ይህን ያህል መሬት በከንቱ ይቀራል እንዴ አለኝ። ድሮ እኔም አንቺን እንዲሁ ስጨቀጭቅሽ ነበር። ዙር አልኩት፣ ዞረ።

የመሬቷን ነገር አንቺ ታውቂዋለሽ። ግን ወረቀቱን ነገ ልጃችን ታነበዋለች፣ ከሷም በኋላ ስምሽን የያዘችው ታነበዋለች፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገረው።

ጦርነቱ እኛ ደጃፍ የደረሰበት ዓመት ነበር። ቀያችንን ኮኪትን ዛሬ አንዱ ይይዛታል፣ ነገ ሌላው ያስለቅቀዋል። እኛ መሀል ሆነን ሰሊጣችን ሳይረግፍ ለማጨድ እንሯሯጣለን፤ ሰሊጥ ከደረሰ ጦርነት አለ ብሎ አይጠብቅም። አንድ ቀን አንድ የመንግሥት ሄሊኮፕተር ከጓንግ ወንዝ ማዶ ዝቅ ብሎ፣ ጭስ እየጎተተ መጣ። ተመትቶ ይሁን ተበላሽቶ እስከ ዛሬ አላውቅም። አመጣጡ በቀጥታ ወደ አጫጆቹ ነበር። ሁላችንም መሬት ላይ ተደፋን። አንቺ ብቻ ማጭድሽን እንደያዝሽ ቆመሽ ታዪው ነበር። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ወንዙ አዞረና ከማሳው ጫፍ፣ ቁርቁራው አጠገብ ወደቀ።

እኔ በኋላ፣ ማሽኑ ነው እንደፈለገ የዞረው፣ ለእኛ ብሎ አይደለም አልኩ። አንቺ ነጂው ነው ያዞረው፣ እጁን አይቻለሁ አልሽ። እጅ ከዚያ ርቀት አይታይም። ግን አንቺ አንዴ ካልሽ አልሽ ነው።

ጭስ እንጂ ብዙ እሳት አልነበረውም። ሦስት ሰዎች ነበሩበት፤ ስንደርስ ሦስቱም አልቀዋል። አጫጆቹ የታጠቀ ሰው ሳይመጣብን እንሽሽ ይላሉ፤ አንቺ ለመጠጥ ያመጣነውን የጀሪካን ውኃ አንሥተሽ ፊታቸውን ታጥቢያለሽ። ውኃችን አለቀ ብሎ አንዱ ሲያጉረመርም፣ የጠማው ወንዝ ይውረድ አልሽው። ቆላ ነው፣ ሬሳ አያቆይም። አንድ ጉድጓድ ይበቃቸዋል ብዬሽ ነበር።

"ሦስት እናት ነው የወለደቻቸው" አልሽና ሦስት አስቆፈርሽን።

የሁለቱ አንገት ላይ ማዕተብ ነበር። ሦስተኛው፣ ልጅ እግሩ፣ አንገቱ ባዶ ነበር። ክሩ ተበጥሶ ይሆናል አልኩና እንደ ሁለቱ ራሱን ወደ ምዕራብ፣ እግሩን ወደ ምሥራቅ አድርጌ በጀርባው አስተኛሁት። ያገሬ ሰው የሚቀበረው እንዲያ ነው፤ ሌላ አላሰብኩም። ያ ስህተት የኔ ነው።

ቀብሩን ሳንጨርስ የታጠቁ ሰዎች ደረሱና ሽጉጡን፣ ሰዓቱን፣ መታወቂያውን ሰብስበው ሄዱ። ከልጅ እግሩ ደረት ኪስ የወጣው ደብዳቤ ብቻ ቀረ። እሱን አንቺ አስቀድመሽ መቀነትሽ ውስጥ ከተሽዋል።

መንግሥት ተመልሶ ሲገባ እናመልክት አልሽኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሽጉጡ የት ደረሰ፣ ማን ገፈፋቸው፣ እስከ ዛሬስ ለምን ዝም አላችሁ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? በዚያ ጊዜ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስዶ አልተመለሰም። ጓንግ ዳር ከአውሬ ጋር የተያየሁ ሰው፣ ወረቀት የያዘ ሰው ፈራሁ። ደብዳቤውንም ለማንም እንዳታሳዪ አልኩሽ። እሺ ብለሽ በላስቲክ ጠቅልለሽ ከማሽላው ጎታ ሥር ቀበርሽው። እሺታሽን አምኜ ተኛሁ። እኔ ሞኝ ነኝ።

የመሠረተ ትምህርት ዳስ ሲጣል ከሴቶቹ ሁሉ ቀድመሽ የተመዘገብሽው አንቺ ነሽ። በዚያ ዕድሜሽ! ከሰሊጥ አረም ወጥተሽ፣ እጅሽን ታጥበሽ፣ ደብተር ይዘሽ ስትሄዲ ከበር ላይ ሆኜ ልትቀድሺ ነው ወይ እልሽ ነበር። ሰውም ይስቅ ነበር። ያልሰማሽ መስለሽ ታልፊ ነበር። መጽሐፉ ላይ ያለውን ፊደል በአንድ ክረምት ያዝሽው፤ የሰው የእጅ ጽሑፍ ግን አስቸገረሽ፤ ለሱ ሌላ ክረምት ጨመርሽ። ለምን እንደምትለፊ አልገባኝም ነበር። ለማንም አታሳዪ ስላልኩሽ፣ ለማንም ሳታሳዪ ራስሽ ልታነቢው ነበር።

አንድ እሑድ ከቁርቁራው ሥር ጠርተሽ አስቀመጥሽኝና አነበብሽልኝ። አንድ ቃል፣ ዝም፣ አንድ ቃል፣ ዝም። ደብዳቤው "ቢስሚላህ" ብሎ ይጀምራል። ከወሎ፣ ከአባቱ የተጻፈ ነው። ልጄ ሰዒድ፣ ዝናቡ ጥሩ ነው፣ እናትህ ሰላም ትልሃለች፣ የምትወዳትን በቅሎ አልሸጥናትም ይላል። በቅሎዋ ጋ ስትደርሺ ማንበብ አቃተሽ። ፊደሉ ከብዶሽ አልነበረም።

ከዚያ ቀና ብለሽ ይህን ልጅ አበላሽተን ቀብረነዋል፣ ይውጣ አልሽ። እኔ ሙት አይቀሰቀስም አልኩ። አንቺ ድንበር ማዶ ገላባት እየተመላለሰ ጨውና ሳሙና የሚነግደውን ሼህ አደምን ሄደሽ ይዘሽ መጣሽ። እሱም ደግ ሰው ነው፣ አላህ ባሪያውን ያውቀዋል፣ አፅሙን ተይው እህቴ አለሽ።

"አላህማ ያውቀዋል" አልሽው። "አባቱ ቢመጣ የምመልስለት እኔ ነኝ።"

ሼሁ እጅጌውን ሰበሰበ። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት አልተነቃነቅኩም። አካፋውን አንሥተሽ ብቻሽን መቆፈር ጀመርሽ። ዕድሜ ልክሽን አንቱ ያልሽኝ ሴትዮ፣ ዞር ብለሽ አየሽኝና "ተነሥ አንተ" አልሽኝ። ተነሣሁ። ሁለተኛ እንዲያ ብለሽኝ አታውቂም፤ አላስፈለገሽም።

ሼህ አደም እንዳዘዘን ቆፈርን። የገዛሽውን ነጭ አቡጀዲ አመጣሽ። እሱ እየጸለየ፣ አፅሙን አንድ በአንድ ተቀብሎ፣ በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አድርጎ አስተኛው። ዶማው አውራ ጣቴን የሰነጠቀኝ ያን ቀን ነው። ከነጠላሽ ጫፍ ቀደሽ አሰርሽልኝ። ልጁ አሁን በደንብ ይተኛል አልሽ፤ እኔ ለጣቴ እንጂ ለልጁ አላሰብኩም ነበር።

ከዚያ ታመምሽ። ከዚያ ሄድሽ። ነገሩ ካንቺ ጋር የተቀበረ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ጥር ከገንዳ ውሃ በኩል አንድ የወታደር መኪና አቧራ እያስነሣ መጥቶ ደጃችን ቆመ። ጭነቱ ላይ ሦስት ሳጥን አየሁ። ደረሰብኝ አልኩ። ደህና ልብሴን ለበስኩ፣ ለጎረቤት ፍየሏን አደራ ብዬ ወጣሁ። ከመኮንኑ ኋላ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ እንደኔው ያረጁ ሰው ወረዱ። የወይዘሮ አልጣሽ ቤት ይህ ነው ወይ አሉኝ። ነው፣ እሷ ግን አርፋለች አልኳቸው። እዚያው ደጃፉ ላይ፣ አቧራው ላይ ቁጭ አሉ።

የሰዒድ አባት ናቸው። ከደረታቸው ወረቀት አወጡ። ያን ጊዜ ነው ጉድሽን ያወቅሁት። አልጋ ላይ ሆነሽ፣ እኔ ማሳ ስውል፣ በገዛ እጅሽ ጽፈሽ ለመምህርት አበባ ሰጥተሻት ጎንደር ወስዳ በፖስታ ላከችልሽ። አድራሻውን ከልጁ ፖስታ ላይ ገልብጠሽዋል። አባትየው አንድ ዓመት ከቢሮ ቢሮ ይዘውት ዞሩ፤ ማንም ሳይሰማቸው፣ እሳቸውም ሳይተዉት።

መኮንኑ ጮክ ብሎ አነበበው። ልጅዎ እኛ ማሳ ላይ ነው፣ ፊቱን አጥቤዋለሁ ይላል። ከቁርቁራው አጠገብ ያለው የእርስዎ ነው፣ በወንዙ በኩል ያለው ረጅሙ፣ ከመሀል ያለው ጢማሙ፣ ለነሱም ቤተሰብ ይንገሩልኝ ይላል። እኛን ሽሽት ነው ራቅ ብለው የወደቁት ይላል። መጨረሻው ላይ መኮንኑ አየት አደረገኝና ቀጠለ፦ "ባለቤቴ ፈርተው ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም። አይቆጧቸው።"

በወታደር ፊት ፈሪ አስባልሽኝ። በአንቱታ! መኮንኑ እውነት ነው ወይ አለኝ። እውነት ነው፣ ፈርቼ ነው ያላመለከትኩት፣ እሷ ግን ገና ያን ጊዜ እንናገር ብላ ነበር አልኩ። እንዲህ ብሎ ለመናገር ይህን ያህል ዓመት መቆየቴ አሁን ያሳፍረኛል። መኮንኑ ጻፈና ደብተሩን ከደነ። ከዚያ መቃብሮቹን አሳየን አለኝ።

ቆፈሩ። በወንዙ በኩል ያለው አንቺ እንዳልሽው ረጅም ነው። የመሀሉን መኮንኑ በጥርሱ ለየው፤ አብሮት የተማረ ባልደረባው ነበር፤ ፊቱን አዙሮ ቆየ። ሦስተኛውን እኔ ራሴ ከነሱ ጋር ገብቼ ቆፈርኩ። የማንም እጅ ዶማውን ከኔ እንዲወስድ አልፈቀድኩም። አፈሩ ሲነሣ የአቡጀዲው ቁራጭ ታየ፤ ከሱ ሥር ልጁ በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ እንዳዞረ፣ ሼህ አደም እንዳስተኛው ተኝቷል።

ሽማግሌው ከአፋፉ ሆነው አዩት። አላለቀሱም። ወደኔ ዞረው እንዲህ አሉ።

"ልጄ እዚህ ሰው ነበረው።"

አልጣሽ፣ ይህን እንድትሰሚው ነው የጻፍኩት። እኔ ልሰማው አይገባኝም ነበር፤ ያንቺ ነው። ለአባቱ የምመልሰው እኔ ነኝ ብለሽ አልነበር? መልሰሻል። አንቺ ሳትኖሪ መለስሽ።

ሳጥኖቹን ሲጭኑ የኮኪት ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሞ ነበር፤ ስትማሪ የሳቁብሽም ጭምር። ሽማግሌው ከመሄዳቸው በፊት መቃብሯን አሳየኝ አሉኝ። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ወሰድኳቸው። ከአጥሩ ውጭ ቆመው መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልሽ። እኔም አጠገባቸው ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ። ስንመለስ በቅሎዋስ አልኳቸው። ሳትሸጥ በእርጅና ሞተች አሉኝ። ደስ አለኝ፤ አንቺም ደስ እንደሚልሽ አወቅሁ።

ጉድጓዶቹን መልሼ ደፍኛቸዋለሁ። አሁን ከሥራቸው ማንም የለም፤ ታዲያ መሬቷን ዝራባት የሚሉኝ አሉ። አልዘራባትም። ያቺ መሬት ካንቺ ጋር አንድ ቀን ትክክል የሠራሁባት ናት። እኔ እስካለሁ ትራክተሩ ይዞራታል፤ እኔ ሳልኖር እንዲዞራት ለልጃችን ይህ ወረቀት ይነግራታል። ሰሊጥ በታጨደ ቁጥር ከቁርቁራው ሥር ቁጭ ብዬ ስማችሁን እጠራለሁ፤ መኮንኑ የነገረኝን የሦስቱን፣ አራተኛ ደግሞ ያንቺን።

መምህርት አበባ አሁንም ፊደል ላስቆጥርዎ፣ ራስዎ ይፈርማሉ ትለኛለች። ለዚህ ቤት አንድ የተማረ ይበቃል አልኳት። ፊርማ የለኝም። ከዚህ በታች በቀለም ያረፈው አውራ ጣቴ ነው። መሀሉን የሰነጠቀችውን ጠባሳ ፈልጊ፤ ያሰርሽልኝ አንቺ ነሽና ማን እንደጻፈልሽ በሷ ታውቂዋለሽ።