የቀረ ሰው ይመረጣል

ይድረስ ለልጄ ያርጋል፤ ዛሪማ ስንሄድ ሊማሊሞ ላይ ታስመልስ የነበርከውን አንተን ባሕር ያሻገረ አምላክ እዚያው ኩባ ይጠብቅህ። ፊደሌ ተንጋደደ ብለህ አትሳቅ፤ መሠረተ ትምህርት ገና አልጨረስኩም።

ምንጩን ለማጠር ቀበሌው ስብሰባ ደጋግሞ ቢጠራ ሰው አልመጣም። ከብት እየገባበት ውኃው እህትህን ደብረወርቅን አሳምሟት ነበር። እኔ መች አርፌ እቀመጣለሁ! «የቀረ ሰው ሊቀመንበር ሆኖ ይመረጣል» ብዬ አስወራሁ። የደባርቅ ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። ታምመው የተኙት ጋሽ ደምለው እንኳ «አለሁ! አልቀረሁም!» እያሉ በበቅሎ ደረሱ። እኔ ሰው ስቀሰቅስ ዘግይቼ ብገባ በጭብጨባ ተቀበሉኝ፤ ለካ እኔኑ መርጠውኛል!

ምንጩ ታጠረ፤ ደብረወርቅም ድናለች። በሰላም መጥተህ ደጃችንን ለማንኳኳት ያብቃህ። ለሚቀጥለው ስብሰባ «የልጄን ፎቶ አሳያለሁ» ብያለሁና በሞቴ ቶሎ ላክልኝ። ሰው ይመጣል፤ አንተን ለማየት ከፊት የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ።

እናትህ አምሳል