ከስለቱ በፊት የሚጠየቅ

ሰኞ፣ መጋቢት 3

ዛሬም በራሪ ወረቀት። ጠዋት የጃንጥላ ፓርቲ፣ ከሰዓት የመሰላል። የአንዱ ዕጩ ጥርሱን ያሳያል፣ የሌላው ጡጫውን። ቀኑን ሙሉ አራት ሺህ ጊዜ ሲታዩ... ምሳ እንኳ አልወረደልኝም። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ለሁለቱም ያትማል። በሁለት ቢላዋ መብላት ያውቅበታል ሰውዬው።

ሚሊሜትር ደረቱ ላይ የመሰላል ባጅ ሰክቶ መጣ። የታላቅ እህቴ የእትዬ ባል ነው። አሥራ አንድ ዓመት አንድ የወረቀት መቁረጫ ላይ አብረን ቆመናል። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አንዲት ወረቀት ካፈነገጠች እንቅልፍ አይወስደውም።

"ለመውጣት ነው ለመውደቅ?" አልኩት ባጁን እያየሁ።

"ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ ከመዘርጋት ይሻላል" አለኝ። ሳቅን።

እሱ ወረቀቱን ስለቱ ሥር ይደረድራል፣ እኔ እጀታውን እስባለሁ። ከመሳቤ በፊት "እጅ?" እላለሁ። "ወጣ" ይላል። ካላለ አልስብም። ሥራውን ያስተማሩን ሽማግሌ ግራ እጃቸው ላይ ሦስት ጣት ብቻ ነበራቸው፤ ይህን ሕግ ሲነግሩን ያንን እጅ ነበር የሚያነሱት። በቀን ስንቴ እንደምንለው እንጃ። አሁንማ እንደ መተንፈስ ሆኗል።

እሑድ፣ መጋቢት 9

እትዬ ቤት ምሳ። ምነው ባልሄድኩ...

ከምርጫው ተጀመረ። ማን ሰረቀ፣ ማን አገር ሸጠ። ሚሊሜትር አገር የሚያፈርሱት እንዳንቺ ያሉ ናቸው አለኝ። ዝም ብል ምን ነበረበት? "እህቴ ካንተ ጋር በመኖሯ አፍራለሁ" አልኩት። ሴት ልጁ ፊት። ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀምጣ ተነሳች። እትዬ ሁለታችሁም ውጡልኝ ብላ አለቀሰች። የገዛ ቤቱ ነው፣ ግን እሱም ወጣ። በሩ ላይ እሱ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሰኞ፣ መጋቢት 10

ሰላም አላለኝም። እኔም አላልኩትም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 19

የሻይ ክፍሉ ጠረጴዛ ሁለት ሆኗል። አንዱ ብልጥ በየኩባያው ላይ ምልክት ለጥፎበታል... የመሰላል ኩባያ፣ የጃንጥላ ኩባያ። ጽዳት የሚሠሩት እናት ለየብቻ ልጠባቸው ወይ ብለው ሲጠይቁ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። የምራቸውን ነው። ትናንት የጃንጥላ ኩባያ በመሰላል ስፖንጅ ታጠበ ተብሎ ተጮኸባቸው። የልጅ ልጅ ያዩ ሴትዮ! ቱ!

ግን እኔስ? የጃንጥላውን ኩባያ መርጬ ጠጣሁ።

መቁረጫው ላይ "እጅ?" ቀርቷል። መጀመሪያ ራስ በመነቅነቅ ተግባባን። እሱ ይነቀንቃል፣ እኔ እስባለሁ። ያን ለማየት ግን እሱን ማየት አለብኝ... ያንን ባጅ፣ ያንን ፊት። ያንገሸግሸኛል። ከትናንት ጀምሮ መስኮቱን እያየሁ እስከ ሦስት እቆጥርና እስባለሁ። ሥራው ይሄዳል። የማንም ቃል አያስፈልገኝም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 27

ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሳብኩ።

አንዲት ወረቀት አፈንግጣ ኖሮ ሊያስተካክላት እጁን መልሶ ነበር።

አልጮኸም። እኔ ነኝ የጮኽኩት።

ዓርብ፣ መጋቢት 28

የግራ እጁ ሁለት ጣቶች። ትንሿና የቀለበቱ። መልሶ መስፋት አልተቻለም አሉ።

ለምን አልጠየቅኩም? አንዲት ቃል ናት እኮ።

ጠዋት ሥራ ስገባ ከማሸጊያ ክፍል አንዱ፣ የእኛው የጃንጥላ ሰው፣ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። "ከመሰላል ሁለት ጣት ቀነስሽልን" አለ። ሳቀ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አስመለስኩ። እነዚህ ናቸው የእኔ ወገን? ለእነዚህ ብዬ ነው እህቴን ያስለቀስኩት?

እሑድ፣ መጋቢት 30

መሰላሎቹ ደግሞ ባሱ። ሐኪም ቤት ድረስ ሄደው ፎቶ አንስተውታል። "ለእምነቱ ደሙን ያፈሰሰ" ብለው በየስልኩ እየተቀባበሉት ነው። ከሥሩ የእኔ ስም፣ "ሆን ብላ ቆረጠችው" ከሚል ጋር። የፊታችን ቅዳሜ በሰልፋቸው መድረክ ላይ እጁን ከፍ አድርጎ እንዲናገር ይፈልጋሉ። የፋሻውን እጅ ፖስተር ደግሞ የት ቢያዙ ጥሩ ነው? እኛው ማተሚያ ቤት። ባለቤቱ ተቀብሏል! ደሙ ከማሽኑ ላይ በቅጡ ሳይጠረግ።

እኔን ጠርቶ፣ ሰውዬው የሚለውን እስክንሰማ ቤትሽ ተቀመጪ አለኝ። ሚሊሜትር መድረክ ላይ "ሆን ብላ ነው" ካለ ሥራዬ አበቃ። ፖሊስም ይመጣል። እሱ ይሁን... እትዬ ስልኬን አታነሳም። የቀረችኝ እሷ ብቻ ነች።

ሆን ብዬ አይደለም ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ? እጁን ለመቁረጥ አይደለም። ላለማየት ግን ሆን ብዬ ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 4

ሄድኩ። እትዬ በሩን ከፍታ ትንሽ አየችኝና ዞር አለችልኝ። ሶፋው ላይ ነበር፣ እጁን ትራስ ላይ አስቀምጦ። ባጁ ያለበት ጃኬት ከኋላው ተሰቅሏል። ባጁ አሁንም አስጠላኝ፣ ለራሴ ምን እዋሻለሁ።

ያዘጋጀሁት ንግግር ብን ብሎ ጠፋ።

"ላላይህ ብዬ መስኮት ነበር የማየው" አልኩት።

ፋሻውን እያየ፣ "እጄን ስመልስ 'ቆዪ' ማለት ነበረብኝ" አለ። "ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ላንቺ ቃል ከማወጣ ብዬ ዋጥኳት።"

ለአንዲት "ቆዪ" ሁለት ጣት... ራሴን ያዝኩ። እሱንም ራሴንም እኩል ተጸየፍኩ። እኩል በመሆኑ ግን፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ቀለል አለኝ። እትዬ ከበሩ ተደግፋ ትሰማ ነበር። "አንዷን አሳደግኩ፣ አንዱን አገባሁ፣ ሁለቱም ጅል" አለች። አልሳቀችም። ግን ለእኔም ሰሃን አወጣች።

ስለ መድረኩ ልጠይቀው ፈራሁ። ሳልጠይቀው መጣሁ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 6

መድረኩ ላይ አልወጣም!

ደጋግመው ስሙን ጠሩት አሉ። እሱ እቤቱ ቁጭ ብሎ ለማተሚያ ቤቱ ባለቤት ደወለ። ሕጉን የተውነው ሁለታችንም ነን፣ እሷ ካልተመለሰች እኔም አልመለስም ብሎታል። ነገሩን እትዬ ነገረችኝ። ራሷ ደውላ።

ወዲያው በመሰላሎቹ ዘንድ ከሐዲ ተባለ። የእኛዎቹ ደግሞ ቤቱ መሄዴን ሰምተው ኖሮ እኔንም ከሐዲ አሉኝ። ለካ የሚስማሙበት ነገር አላቸው።

ሰኞ፣ ግንቦት 13

ምርጫው አለፈ። እሱ መሰላልን መረጠ፣ እኔ ጃንጥላን። የመራጮች ሰልፍ ላይ አብረን ቆመን እስከ ኮሮጆው ድረስ ተጨቃጨቅን። አሁንም ስለ አገር የሚያወራው ነገር ግማሹ ያበሽቀኛል። ያሸነፉት እየጨፈሩ ነው፣ የተሸነፉት እየተሳደቡ። የሁለቱም ድምፅ አስጠልቶኝ ሬዲዮውን ዘግቼዋለሁ።

ባለቤቱ ወደ ሥራ መልሶኛል። ኩባያዎቹን ባለፈው ሳምንት በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ ተለጣፊውን ፋቅሁ። ሁለት ቀን ኮሪደር ላይ ያኮረፈኝ አለ። ያኩርፍ።

ዛሬ ሚሊሜትር ሥራ ገባ። ባለቤቱ መጋዘን ሊመድበው አስቦ ነበር፣ እምቢ አለ። ግራ እጁ ግን ወረቀት መሰብሰብ አልቻለም፣ ያመልጠዋል። ሁለቴ ሞከረና ወደ እኔ ዞሮ ቦታ እንቀያየር አለኝ።

የምንቆርጠው የተረፈ በራሪ ወረቀት ነው፣ የጃንጥላም የመሰላልም ተደባልቆ። ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ ማስታወሻ ደብተር ይሆናል። ይህ የምጽፍበትም ከእንዲህ ያለ ትራፊ የተሰፋ ነው።

እጄን ስለቱ ሥር አስገባሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ በኩል ቆሜ አላውቅም ነበር። ከዚህ ሲያዩት ሌላ ነው። እሱ በደህናው እጁ እጀታውን ያዘ። ግራውን አየሁት፣ ሦስት ጣት፣ እንደ ሽማግሌው።

"እጅ?" አለ።

ወረቀቱን አስተካክዬ እጄን አወጣሁ። ቃሉ ግን አልወጣ አለኝ። አልሳበም። መስኮቱንም አላየም። ፊቴን እያየ ቆመ። ከኋላ ተራ የሚጠብቁት አጉረመረሙ፣ አልሰማቸውም።

"ወጣ" አልኩ።

"ድገሚው።"

"ወጣ፣ አንተ መሰላል።"

ሳበ።