የሹክሹክታው ዜማ

ቅዳሜ፣ የካቲት 10 ቀን 1976፣ ማታ

የቀበሌው ኪነት ቡድን ሁለተኛውን መዝሙር ሲጀምር ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

ስብሰባ ነበር። መቅረት የለም፤ የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር አያገኝም። ከእማዬ ጋር የኋላው አግዳሚ ላይ ነን። እሷ ታንቀላፋለች፤ እኔ የአራተኛ ክፍል ፈተና በሐሳቤ አርማለሁ። ልጆቹ አዲስ ካኪ ለብሰው ወጡ። አኮርዲዮኑ ጀመረ። የእኔ ዜማ ነው።

ደብተሬ፣ የእኔ ስልሽ የምወደው ማለቴ አይደለም። እኔ የሠራሁት ነው። ባለፈው ክረምት ልብስ ሳሰጣ መጣልኝ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ጀምሮ እሁድ እሁድ ጋሽ በንቲ ጓዳ ውስጥ የምንሰበሰበው ሰባት ሰዎች ነን። የተዘመረው እዚያ ብቻ ነው፤ ያውም በሹክሹክታ። ጭብጨባ የለ፣ እልልታ የለ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ጎረቤት ይሰማል።

እኔ፣ «በሸለቆው ሳለሁ ነፋሱ ሲመታኝ፣ አንተ ነህ ጥላዬ» ብዬ ነበር።

እነሱ፣ «በሸለቆው ሳለን ጠላት ሲመጣብን፣ አብዮት ነው ጥላችን» አሉ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። የአብዮት ጥበቃው በሩ ላይ ቆሞ እጅ እጃችንን ያያል። እማዬ ነቃች። «ውይ፣ ይቺን አንቺ ስታንጎራጉሪያት ሰምቻለሁ እኮ!» ጮክ ብላ። እግሯን ረገጥኩት።

ከሰባቱ አንዱ ሰጥቷል። ማን?


እሁድ፣ የካቲት 11

ገና ስገባ ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሁሉም ማታ አዳራሽ ነበሩ፣ ሁሉም ሰምተዋል።

የተናገረው ደረጄ ነው። ምድር ባቡር የሚሠራው። ባለፈው ዓመት ሽማግሌ ልኮ እምቢ ያልኩት ደረጄ። ድምፁ ለስላሳ፣ በጣም ለስላሳ። እርስ በርስ መጠራጠር ከባድ ነው አለ። ነገር ግን ዜማውን የሠራችው እሷ ናት፤ አኮርዲዮን የምትችለው እሷ ናት፤ ት/ቤት የልጆቹን ኪነት እንድትይዝ የተመደበችውም እሷ ናት። ነርሷ ሲስተር ብርቄ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። የታመመች እናቷን ሳምንት ሙሉ አብሬ ያስታመምኩላት ሲስተር ብርቄ።

አልሰጠሁም አልኩ። አንዴ። ሁለተኛ መድገም ልመና መሰለኝ።

ጋሽ በንቲ ሽማግሌያችን ነው። ልብስ ሰፊ፣ ጸጥ ያለ ሰው፣ እኔን ወንጌል ያስተማረኝ። እሱ አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ወለሉን አየ። ከዚያ፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ቤትሽ ሁኚ አለኝ።

እስኪጣራ! ይህን ቃል የት ነው የተማሩት? የቀበሌው ጽ/ቤት በር ላይ አይደለም?

መሰብሰቢያ ቤት እንቀይራለን ተባባሉ። የት እንደሆነ እኔ ሳልወጣ አልተነገረም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 13

ትናንት ሙሉ ቀን ሰው ስጠረጥር ዋልኩ። ደረጄ ለቂሙ። ሲስተር ብርቄ ለሹመት፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ዕድገት ትጠብቃለች። አብረውን የሚሰበሰቡት ሁለቱ ተማሪዎች ብሔራዊ ውትድርና እንዳይሄዱ። የጋሽ በንቲ ሚስት ወሬ ስለምትወድ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እማዬንም። እሷ ማርያምን ትታ ጴንጤ የሆነች ልጅ አላት፤ ሰፈሩ «መጤ ሃይማኖት» ሲል የሚያመው እሷን ነው።

ዛሬ በእረፍት ሰዓት አቧራው ውስጥ ሴቶች ልጆች ገመድ ይዘላሉ፣ በዜማዬ። ቆሜ ሰማሁ። «ጥላችን» ላይ ሲደርሱ ዜማው ወረደ።

ወረደ! እኔ የሠራሁት እዚያ ላይ ይወጣል። ብርር ብሎ ነው የሚወጣው፤ መዝሙሩ የተሠራው ለዚያች ከፍታ ነው። ሹክሹክታ ግን ከፍታ አይችልም። ድምፅ ያመልጣል። ጓዳ ውስጥ ስናጠናው ጋሽ በንቲ በመዳፉ ዝቅ፣ ዝቅ እያደረገ አወረደው። ያኔ ተናድጄ ነበር። ሽባ አደረጉት፣ ጋሼ ብዬው ሁሉም አፋቸውን በሸማ ሸፍነው ሳቁ።

ስለዚህ የሰጠው ሰው የተማረው ጓዳ ውስጥ ነው። እኔ ብሰጥ ኖሮ ሙሉውን እሰጥ ነበር። የገዛ ዜማውን የሚሸጥ ባለቤት ሽባውን ይመርጣል?

ማታ እማዬን አንጎራጉሪልኝ አልኳት።
«ዛሬ ደግሞ ደብተራ ልታደርጊኝ ነው?»
«ግድ የለም፣ እማ፣ በይ።»
ሽንኩርቷን እየከተፈች አንጎራጎረች። «ጥላዬ» ላይ ስትደርስ ዜማው ወጣ። ከፍ አለች። ቤት ውስጥ የሰማችው የእኔን ነው። አቅፌ ሳምኳት። ምን ነካሽ አለችኝ።


ሐሙስ፣ የካቲት 15

ከት/ቤት ወጥቼ በጋሪ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ደረጄ የዕቃ መጋዘኑ ጋ ነበር። ስለ ዜማው መውረድ ነገርኩት። እጄን እያወጣሁ፣ እያወረድኩ። ተሸካሚዎቹ ይስቃሉ።

ዜማ ምስክር ሆኖ አያውቅም አለኝ።
«ታዲያ እኔ ለመስጠቴ ምስክርህ ምን ነበር?»
«አንቺ ደግሞ አቃቤ ሕግ ሆነሻል።»
«አንተ ቀድመህ ዳኛ ሆነህ የለ!»

ፊቱ ቀላ። ከዚያ ያለኝ ግን ከልቤ አልወጣም፦ እኛ ሁላችን እንፈራለን፣ አንቺ ብቻ አትፈሪም፤ ለምን?

እውነት ለምን? ፈሪ አለመሆን ማስረጃ ሆነ። ደግሞ ማን አልፈራም አለው። ቀበሌ ለመታወቂያ ስሄድ «ጴንጤዋ» እባላለሁ። አሁን ጴንጤዎቹ የቀበሌ ነሽ ይሉኛል። ሲስተር ብርቄ ዛሬ ገበያው መግቢያ ላይ ስታየኝ መንገድ ተሻገረች። ይህ ከተማ ትንሽ ነው። «ጠቋሚ» የሚባል ስም አንዴ ከወጣ እዚህ ብቻ አይቀርም፤ ዝዋይም አቦምሳም ቀድሞኝ ይደርሳል። ያን ስም ይዤ የት እጸልያለሁ? ከማን ጋር?

ደረጄ ግን የሰጠው እሱ አይመስለኝም። ስለ መውረዱ ስነግረው ዓይኑ አልተንቀሳቀሰም፤ ነገሩ ፈጽሞ አልገባውም። ጆሮ የለውም፣ ድሮም ሲዘምር አንድ ድምፅ ላይ ነው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 17

የኪነት ቡድኑ ልምምድ ላይ ሄድኩ። በገዛ እግሬ። ለተማሪዎቼ ላስጠናው ብዬ ጠየቅኩ፤ ሰበቡ ጥሩ ነው።

መሪዋ ፋንታዬ ናት። ስድስተኛ ክፍል አብረን ነበርን፤ ያኔም ከእኔ የተሻለ ድምፅ ነበራት።

«ውይ! ቲቸር! ኪነት ልትገቢ ነው? ጌታሽስ ፈቀደ?»
«ለአንቺ የፈቀደ ለእኔ ይከለክላል?»

ሳቀች። ክፋት የላትም። ዜማው የማን ነው አልኳት፣ እንደ ዋዛ።

«የጋሽ በንቲ ነዋ!»

ደብተሬ፣ የነገረችኝን ልጻፍልሽ። ካኪውን የሰፋው እሱ ነው። ልኬት ሲወስድ ያንጎራጉራል። ደስ ይላል ጋሼ፣ ምንድነው አለችው። ትፈልጉታላችሁ? ውሰዱት አለ። እየተመላለሰ አስጠናቸው። «እዚህ ጋ ድምፃችሁን አውርዱት ይለናል፣ በእጁ እንዲህ፣ እንዲህ።» መዳፏን ዝቅ፣ ዝቅ አደረገች።

ያቺን እጅ አውቃታለሁ።

«አንቺ ምነው ገረጣሽ?»
ሙቀቱ ነው አልኳት።


ሰኞ፣ የካቲት 19

ጠዋት፣ ክፍል ሳልገባ፣ ሱቁ ሄድኩ። የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሏል።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ።» በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ፣ ልጄ ይለኛል፣ ሁልጊዜ። ዛሬም አለ።

ሰላምታውን አልመለስኩም። ፋንታዬ ነግራኛለች አልኩ። እግሩ መርገጫው ላይ ቆመ። አልካደም፤ ይህን ልመስክርለት። በሩን መለስ አደረገ።

የጓዳው ግድግዳ ማዶ አዲስ ተከራይ ገብቷል አለኝ፣ የአብዮት ጥበቃ። ሹክሹክታውም እየተሰማ ነው። ጋሽ በንቲ ብዙ አሰበ። ዜማው የኪነቱ ቢሆን፣ ከግድግዳው ማዶ የሚሰማው ሰው ምን ይላል? የአብዮቱን መዝሙር ያንጎራጉራሉ ይላል። ቃሉን በልባችን፣ ዜማውን በአፋችን። ማን ይጠይቀናል?

ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ብልህ ነው። በእውነት ብልህ ነው።

«ለምን አልጠየቁኝም፣ ጋሼ?»
«እምቢ ትዪ ነበር።»
«አዎ። እምቢ ማለት የእኔ አልነበረም?»

ጨርቁን ማስተካከል ጀመረ። እሺ፣ እሁድ ለምን ዝም አሉ አልኩት። እነሱ ሲፈርዱብኝ ለምን ወለል ያያሉ?

ሽማግሌው ከኪነት ጋር ይወጣል ይገባል ከተባለ ጉባኤው በአንድ ቀን ይበተናል አለኝ። ማንም ማንንም አያምንም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንቺ ወጣት ነሽ፣ ትምህርት አለሽ፣ ትችይዋለሽ አለ። የፊታችን እሁድ ነይና፣ ሳላስበው አምልጦኝ ነው፣ ይቅር በሉኝ በይ። እኔ ቀድሜ አቅፍሻለሁ። ማንም ዳግመኛ አያነሳውም። ለጉባኤው ሲባል።

ጉባኤው እኔን አይጨምርም?

ጠየቅኩት። «ይጨምራል፣ እንዴታ» አለ፤ ይህንንም እያለ ክሩን በመርፌው ዓይን ያስገባ ነበር።


ዓርብ፣ የካቲት 23

የጋሽ በንቲ ሚስት እትዬ ዘነበች መጣች። ከእማዬ ጋር ስለ በርበሬ ዋጋ አወሩ። ስትወጣ በሩ ላይ በጆሮዬ አዲሱን መሰብሰቢያ ቤት ነገረችኝ፦ ከወንጂ መውጫው አጠገብ፣ ሰማያዊ በር። «ይቅርታ በይና ነይ፣ የኔ እናት። ምን አለበት? ቃል ናት።»

እሷም ታውቃለች። ስንት ሰው ያውቃል? እሁድ ራሷን የነቀነቀችው ብርቄስ? ወይስ ያልተነገረው ለደረጄ ብቻ ነው፣ ከልቡ እንዲፈርድ? ከእንግዲህ የማንንም ፊት ማንበብ አልችልም።


እሁድ፣ የካቲት 25፣ ጠዋት

አልተኛሁም። አሰብኩ።

ጥፋቱን ተቀብዬ ዝም ብል እታቀፋለሁ። እንባ ይኖራል፣ ጸሎት ይኖራል። «ያመለጣት ልጅ» ሆኜ እኖራለሁ፤ ነገ ቀበሌው አንዱን ቢያስር ደግሞ ማን እንደሚጠረጠር አሁን ይታወቃል። ብናገር ይበተኑ ይሆናል። እነዚህን ሰዎች እወዳቸዋለሁ። ወለል የሚያየውንም ጭምር። የሚከብደኝ ይኸው ነው።

እማዬ ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን ታጥፋለች። ነገርኳት፣ ሁሉንም። ጴንጤ ሁሉ እንዲህ ነው ትለኛለች ብዬ ነበር። አላለችም። «እኛም ጋ እንዲህ ያለ አለ» አለች። «ሄደሽ ንገሪያቸው። ከፊታቸው ቆመሽ፣ ለብቻው በጆሮው አይደለም።»

እሄዳለሁ። ጋሽ በንቲ መጀመሪያ እንዲናገር ዕድል እሰጠዋለሁ። ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ፣ በሙሉ ድምፄ፣ ግድግዳው ማዶ ማንም ይኑር። እውነት የሚበትነው ጉባኤ ከሆነ ያቆመው ሌላ ነገር ነበር ማለት ነው።

ደብተሬ፣ ይህን ያዢልኝ። የሠራሁትን ሳይጠይቅ የሚወስድ፣ ካኪ ይልበስ መጽሐፍ ቅዱስ ይያዝ፣ ወሰደ ነው የሚባለው፤ «ተጠቀምንበት» ቢሉኝ ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም። ወጣት ነሽ፣ ትችያለሽ ተብሎ የሌላ ሰው ጥፋት ትከሻዬ ላይ ሲጫን አልቀበልም። ያላደረግኩትን አድርጌያለሁ ብዬ ተንበርክኬ የማገኘውን እቅፍ፣ እንደ አባቴ የማየው የጋሽ በንቲ እቅፍ እንኳ ቢሆን፣ አልቀበልም።